ሽጉጡን መጨረሻ ላይ ምረጪ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። በዲቪ ከመጣሽ ዓመት ከመንፈቅ ሆኖሻል፤ ቤትሽ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው፤ ዲሲ ውስጥ ፓርኪንግ ጋራዥ ካሸር ነሽ፤ ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ ትወጫለሽ፤ ባለፈው ሳምንት አንድ ሰው እስከ መኪናሽ ድረስ ተከተለሽ። «ቦርሳ ውስጥ የሚገባ ቀለል ያለ ሽጉጥ የትኛው ነው?» ብለሻል። ከእኔ በፊት የመለሱልሽንም አየሁ። አንዱ ግሎክ፣ ሌላው ሲግ፣ ሦስተኛው ደግሞ «ሪቮልቨር አይከዳም» ይላል። ሁሉም ስለ ብረቱ ነው የሚያወሩት። እኔ ቨርጂኒያ ውስጥ ፈቃድ አውጥቼ ሽጉጥ ደብቄ መያዝ ከጀመርኩ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ሽጉጥ መምረጡን መጨረሻ ላይ አድርጊው ነው የምልሽ። መጀመሪያ ቀንሽ የት የት እንደሚውል ቁጠሪ።

ከጥያቄሽ ውስጥ እኔን ያስደነገጠኝ ዲሲ የሚለው ነው። የቨርጂኒያ ፈቃድ ወደ ዲሲ የሚያሻግረውን የ14ኛ ጎዳና ድልድይ አይሻገርም። ዲሲ የማንንም ስቴት ፈቃድ አትቀበልም፤ ሜሪላንድም እንደዚያው ናት። አርሊንግተን ላይ ምንም የማይልሽ ሽጉጥ ወንዙን እንደተሻገርሽ እስከ አምስት ዓመት የሚያሳስር ወንጀል ይሆናል። «ፈቃድ አለኝ እኮ» ማለት እዚያ ዋጋ የለውም። «መኪና ውስጥ ትቼው እገባለሁ» ማለትም አያዋጣም፤ መኪናው የቆመው ዲሲ ውስጥ ነው። ደግሞስ የጋራዥ መኪና መስኮት ስንቴ ተሰብሮ እንደምታገኚው ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ። ቅዳሜ ሲልቨር ስፕሪንግ እንጀራና በርበሬ ልትገዢ ስትሄጂም ያው ነው፤ ሜሪላንድ ናት፣ ቤትሽ ትተሽው ትሄጃለሽ። ዲሲ ነዋሪ ላልሆነ ሰውም የራሷን ፈቃድ ትሰጣለች፤ ግን 18 ሰዓት ሥልጠና ትጠይቃለች፤ ያንን ብትጨርሺ እንኳ አሠሪሽ ሥራ ላይ ሽጉጥ መያዝ ይፈቅድ እንደሆነ ሌላ ጥያቄ ነው። እኔ ታክሲ ትቼ በአፕ ስነዳ ኡበርም ሊፍትም ሾፌር መሣሪያ እንዳይዝ ይከለክሉ ነበር፤ ዛሬም ይከለክላሉ።

ስለዚህ ያ ሰው የተከተለሽ ቦታ ላይ፣ ከካሸር ዳስሽ እስከ መኪናሽ ባለው መንገድ፣ ሽጉጡ ከአንቺ ጋር አይኖርም። ይህን ሳልነግርሽ ስለ ግሎክ ባወራ እንደማታለል ነው። ለዚያ መንገድ የሚሆነው ሌላ ነው። ጋራዥ ነው የምትሠሪው፤ ማታ ሰው ሲቀንስ መኪናሽን አምጥተሽ ከዳሱ ፊት አቁሚው። ሱፐርቫይዘርሽን መዝጊያ ሰዓት ላይ ሁለት ሰው እንዲሆን ጠይቂ፤ ጥያቄሽንም በቴክስት አድርጊው፤ የተጻፈ ነገር አይካድም። ፔፐር ስፕሬይ ለራስ መከላከያ ዲሲም ቨርጂኒያም ይፈቀዳል፤ ቦርሳ ግርጌ ሳይሆን እጅሽ ላይ ይሁን። ብርቱ የእጅ ባትሪ ጨምሪበት፤ ዓይኑ ላይ ሲበራበት የሚመለስ ሰው አይቻለሁ።

ይህ ሁሉ ሆኖ «ለቤቴና ቨርጂኒያ ውስጥ ለምሄድበት እፈልጋለሁ» ካልሽ ደግሞ እቀጥላለሁ።

መጀመሪያ ወረቀትሽ። ግሪን ካርድ ያለው ሰው መግዛት ይችላል። ዕድሜሽ 21 ከሞላ ፈቃድ ካለው ሱቅ ትሄጃለሽ፤ 4473 የሚባል የፌዴራል ቅጽ ትሞያለሽ፤ የቨርጂኒያ ስቴት ፖሊስ ያጣራል። በጎብኚ ወይም በተማሪ ቪዛ ያላችሁ ግን ይህን አንብባችሁ ሱቅ እንዳትሄዱ፤ በአብዛኛው የተከለከለ ነው፤ አሳይለም ጠይቃችሁ የምትጠብቁም ጠበቃችሁን ሳታማክሩ እንዳትሞክሩት። «በእኔ ስም ልግዛልሽ» የሚል ዘመድ ቢመጣ እጁን አትቀበይው። ለሌላ ሰው በራስ ስም መግዛት የፌዴራል ወንጀል ነው፤ የሚገዛለት ሰው መሣሪያ መያዝ የተከለከለ ከሆነ ደግሞ ከ2022 ወዲህ እስከ 15 ዓመት ያስቀጣል። እኛ ዘንድ መረዳዳት ነው፤ እነሱ ዘንድ ወንጀል።

ቅጹ ላይ ሕገ ወጥ የዕፅ ተጠቃሚ ነሽ ወይ የሚል ጥያቄ አለ። ማሪዋና ቨርጂኒያ ከ2021 ጀምሮ ለአዋቂ ፈቅዳለች፤ በፌዴራል ግን አሁንም ሕገ ወጥ ነው፤ ቅጹ ራሱ ይህንኑ ጽፎ ያስጠነቅቃል። ማንም በግልጽ የማያወራው የጫቱ ነገር ነው። ትኩስ ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን በፌዴራል ሕግ ከሄሮይን ጋር አንድ መደብ ላይ ነው የተቀመጠው። ቅዳሜ ቅዳሜ እየቃሙ «አልጠቀምም» ብሎ መፈረም ሐሰት መፈረም ነው። አንቺ አትቅሚ ይሆናል፤ ግን ይህን የሚያነበው ብዙ ሰው ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ይኼ ነው፦ የኢሚግሬሽን ሕጉ የመሣሪያ ጥፋትን ለብቻው ከሀገር የማስወጫ ምክንያት አድርጎታል። ዜጋ የሆነ ሰው ተሳስቶ ድልድዩን ቢሻገር ይከሰሳል፣ ይቀጣል፣ ያበቃል። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ግን ቅጣቱን ጨርሶም ኢሚግሬሽን ዳኛ ፊት ሊቆም ይችላል። እኔ ዜግነቴን እስክወስድ ድረስ ሽጉጤን ከቤት ያላወጣሁት በዚህ ምክንያት ነው፤ ፈሪ ያሉኝ ነበሩ፣ ይበሉ።

ደብቆ የመያዣ ፈቃዱ ራሱ ቀላል ነው። በአካል ተገኝተሽ ሥልጠና ትወስጃለሽ፤ ከ2021 ወዲህ የኦንላይኑ ሰርተፊኬት አይሠራም። ማመልከቻውን ለምትኖሪበት ሰርኪት ፍርድ ቤት ታስገቢያለሽ፤ ክፍያው ከ50 ዶላር አይበልጥም፤ ፍርድ ቤቱ 45 ቀን አለው፤ ፈቃዱ አምስት ዓመት ይቆያል። አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቂ፤ አድራሻሽ «አሌክሳንድሪያ» ስላለ አሌክሳንድሪያ ከተማ ነው ማለት አይደለም፤ ብዙው የአሌክሳንድሪያ አድራሻ ፌርፋክስ ካውንቲ ውስጥ ነው። እኔ ኪንግ ስትሪት አካባቢ ፍርድ ቤት ወረፋ ይዤ ቆሜ፣ ደርሶኝ፣ «የአንተ ፌርፋክስ ነው» ተብዬ ተመልሻለሁ። የዚያን ቀን ፈረቃዬን አስቀርቼ ነበር።

አሁን ወደ ብረቱ። አባቴ ጎጃም ውስጥ ምንሽር ነበረው፤ ልጅ ሆኜ የምወለውለው እኔ ነበርኩ። ሠርግ ላይ ሲተኩስም አጠገቡ ቆሜ ቀለህ እለቅም ነበር። ስለዚህ መሣሪያ አውቃለሁ ብዬ ነው የገባሁት። ያችን የመጀመሪያ ሽጉጤን ሳስብ አሁንም አፍራለሁ። አምስት ጥይት የምትጎርስ ትንሽዬ ሪቮልቨር፤ ላባ ናት፣ ኪስ ትገባለች፤ ሻጩም «ለጀማሪ ይህች ናት» አለኝ። ሬንጅ፣ ማለት የተኩስ መለማመጃ ቦታ፣ ወሰድኳት። ኢላማው ሰባት ያርድ ላይ ነው፣ ከሳሎን ግድግዳ እስከ ግድግዳ ብትይ ነው። ቃታዋ እንደዛገ በር ከባድ ናት፤ ስትተኮስ ደግሞ መዳፍ ላይ ትዘላለች። ከሃያው ጥይት ወረቀቱን ያገኙት ስድስት ናቸው። እጄ እያበጠ ስለመጣ ሁለተኛውን ፓኮ ሳልከፍተው ተመለስኩ። በሦስተኛው ወር አክስሬ ሸጥኳት።

ያኔ የገባኝ ይህ ነው፦ ሽጉጥ ትንሽ በሆነ ቁጥር መሸከሙ ይቀላል፣ መተኮሱ ይከብዳል። ግፊቱን የሚውጠው የብረቱ ክብደት ነው፤ ክብደቱ ከሌለ እጅሽ ይውጠዋል። ለሴት እህቶቻችን ሁልጊዜ «ትንሿን ግዢ» የሚባለው ምክር የተገላቢጦሽ ነው። በጣም ትንሿ የምትሆነው ብዙ ለተለማመደ ሰው ነው።

ስለዚህ ከመግዛትሽ በፊት ተከራይተሽ ተኩሺ። ብዙ የቤት ውስጥ ሬንጆች ያከራያሉ። 9 ሚሊሜትር ጥይት የሚጎርስ ይሁን፤ ጥይቱ በየቦታው ይገኛል፣ ዋጋውም ይሻላል፣ ኤፍቢአይ እንኳ ከ40 ካሊበር ወደ 9 ተመልሷል። እኔ ዛሬ የምይዘው ግሎክ 19 ነው፤ ካዝናው 15 ጥይት ይይዛል። ለአንቺ ግን በቀጭን ልብስ ላይ ሊወፍርብሽ ይችላል። ግሎክ 43ኤክስን እና ሲግ 365ን ሞክሪ፤ ሁለቱም ቀጭን ናቸው፣ አሥር አሥር ይይዛሉ። ለማቀባበል ጣቶችሽ ከከበዳቸው የስሚዝ ኤንድ ዌሰን ሺልድ ኢዚ አለ፤ የላይኛው ብረት በቀላሉ ወደ ኋላ እንዲሳብ ተብሎ የተሠራ ነው። ባለቤቴ ሌሎቹን ሁሉ ሞክራ እሱን ነው የመረጠችው። መልኩን አትይ። በየትኛው ወረቀቱን ደጋግመሽ እንደምትመቺ ብቻ እይ።

ስለ ቦርሳው፣ ባልሰማሽ ይሻል ነበር ግን ልንገርሽ። በታኅሣሥ መጨረሻ 2014 በአሜሪካኖች አቆጣጠር፣ አይዳሆ ውስጥ ሄይደን በምትባል ከተማ፣ አንዲት እናት ዋልማርት ገብታ ሳለ የሁለት ዓመት ልጇ ከቦርሳዋ ሽጉጡን አግኝቶ ተኮሰባት፤ ሞተች። ፈቃድ የነበራት ሴት ናት። ቦርሳ ይቀመጣል፣ ይረሳል፣ ይነጠቃል፤ ሌባው የሚፈልገው ደግሞ መጀመሪያ ቦርሳውን ነው። የግድ ቦርሳ ካልሽ ለሽጉጥ ብቻ የተለየ ኪስ ያለው ይሁን፤ እዚያም ውስጥ ቃታውን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ጠንካራ አፎት ይኑር። ግሎክ በአውራ ጣት የሚዘጋ ሴፍቲ የለውም፤ ሊፒስቲክም ቁልፍም ቃታ ሊስብ ይችላል።

ወገብ ላይ ከሆነ ደግሞ ቀበቶ ላይ አትሰስቺ። እኔ ሆልስተሩን፣ አፎቱን ማለቴ ነው፣ ገዝቼ ቀበቶውን የድሮውን አደረግሁ፤ ግሮሰሪ ውስጥ ሽንኩርት ላነሳ ስጎነበስ ሱሪዬ ከነሽጉጤ መውረድ ጀመረ። በአንድ እጄ ሽንኩርት፣ በአንድ እጄ ሱሪ ይዤ ወደ መኪናዬ ሄድኩ። በሳምንቱ ለዚሁ የሚሠራውን ደረቅ ቀበቶ ገዛሁ። ሲጀመር ሳምንት ሁለት ሳምንት ባዶውን ቤት ውስጥ ታጥቀሽ ዋዪ፤ ተቀመጪ፣ ተነሺ፣ ወጥ ሥሪ፣ የመኪና ቀበቶ እሰሪ። የሚቆረቁርሽ ከሆነ ትተዪዋለሽ፤ የተተወ ሽጉጥ ደግሞ ቁም ሣጥን ውስጥ ነው የሚገኘው፣ ቁም ሣጥን ደግሞ ልጆች ያውቁታል።

እኛ ቤት እንግዳ ብዙ ነው፤ ለዚያ ነው ይህን የምለው። አንድ የክርስትና ቀን ጃኬቴን መኝታ ቤት ጥዬ ሳሎን ተቀምጫለሁ። የእንግዶች ልጆች አልጋው ላይ እየዘለሉ እንደሆነ ስሰማ ሽጉጡ ጃኬቱ ውስጥ እንዳለ ትዝ አለኝ። ማንም አልነካውም። ቡናው ሦስተኛ እስኪደርስ ግን እጄ ሲንቀጠቀጥ ነበር። በማግሥቱ በጣት አሻራ የሚከፈት ሣጥን አልጋው ላይ በሰንሰለት አሰርኩ። ሕጉም አለ፤ ቨርጂኒያ ውስጥ ጥይት የጎረሰ መሣሪያ ከ14 ዓመት በታች ያለ ልጅን አደጋ ላይ በሚጥል መንገድ መተው እስር ያለበት ወንጀል ነው።

የማትይዢባቸውን ቦታዎች ልጥራልሽ፦ የኤርፖርት ተርሚናል፣ ሰው ልትቀበዪ እንኳ ብትሄጂ፤ ፖስታ ቤት፣ ከነመኪና ማቆሚያው፤ ትምህርት ቤት። ቤይሊስ ክሮስሮድስ አካባቢ ካሉት ምግብ ቤቶቻችን ገብተሽ ክትፎውን ብትበዪ ችግር የለም፤ ደብቀሽ ከያዝሽ ግን እዚያ ቢራም ጠጅም መጠጣት ወንጀል ነው። ቤተ ክርስቲያንም ይዤ አልገባም።

ስለ ማውጣትም ልንገርሽ። አባቴ ሀገር ላይ መሣሪያ ከፍ ተደርጎ ሲታይ ጠቡ ይበርዳል፤ «ባዶ ጠመንጃ ሁለት ሰው ያስፈራል» የሚባለውም ለዚህ ነው። እዚህ ለማስፈራራት ብለሽ ብታሳዪ እስከ 12 ወር እስርና 2,500 ዶላር ቅጣት ያስከትላል። ስልክሽን ነጥቆ የሚሮጥን ሰው መተኮስ አትችዪም፤ ይሂድ። ሽጉጥ የሚወጣው ሞት ወይም ከባድ ጉዳት እዚያው ፊትሽ ሲደርስ፣ ሌላ መውጫ ሲጠፋ ነው።

ፖሊስ ሲያስቆምሽ መብራት አብሪ፣ ሁለት እጅሽን መሪው ላይ አድርጊ። «ጋን» የሚለው ቃል ከአፍሽ ቀድሞ አይውጣ። «ኦፊሰር፣ አይ ሃቭ ኤ ፐርሚት» በዪ፣ ከዚያ የት እንዳለ ንገሪው፤ እጅሽንም እሱ አንቀሳቅሺ ሳይልሽ አታንቀሳቅሺ። ሐምሌ 2016 በአሜሪካኖች አቆጣጠር፣ ሚኒሶታ ውስጥ ፊላንዶ ካስቲል የተባለ ፈቃድ ያለው ጥቁር ሰው መሣሪያ መያዙን በትሕትና ተናግሮ ሳለ ፖሊሱ ተኩሶ ገደለው፤ ፖሊሱም በነፃ ተለቀቀ። እኔ ሩት 7 ላይ አንድ ጊዜ ተይዤ ይህንኑ ብዬ ያለ ችግር ሄጃለሁ፤ ግን ያንን ሰው እያሰብኩ ነው የተናገርኩት።

ለመሞከር ከወሰንሽ ባለቤቴ አብራሽ ትሄዳለች፤ ቅዳሜ ጠዋት ሬንጁ ጭር ይላል። ቤት ውስጥ ያለ ሬንጅ ድምፁ ያስደነግጣል፤ ጆሮሽ ውስጥ የሚገባውንም ከላይ የሚደረገውንም ሁለቱንም አድርጊ። አንገቱ ክፍት የሆነ ልብስ እንዳትለብሺ። ባለቤቴ የመጀመሪያ ቀን የጋለ ቀለህ ደረቷ ውስጥ ገብቶባት ሽጉጥ እንደያዘች ልትዘል ስትል፣ አስተማሪው እጇን ይዞ ሽጉጡን ወደ ኢላማው እንዲያይ ባያደርገው ኖሮ ዞሮ የሚያየው እኔን ነበር።