ከፈረሰ ጋጣ እንጨት መታሰቢያ ለምትሠሩ ልጆቼ

ሰሞኑን ደሴ ውስጥ የማየው ነገር ደስ ይለኛል። የአያት ቤት ሲፈርስ፣ ሳር ክዳኑ በቆርቆሮ ሲተካ፣ አሮጌው ጋጣ ሲነሳ፣ ልጆች ከእንጨቱ ቁራጭ ይዘው ሱቄ ይመጣሉ። "ጋሼ፣ ከዚች ላይ የሆነ መታሰቢያ ይሥሩልን" ይሉኛል። አንዳንዶቻችሁ ደግሞ ራሳችሁ መሥራት ጀምራችኋል። የፎቶ ፍሬም፣ ረከቦት፣ በርጩማ፣ ትንሽ ሣጥን። እጃችሁ ጥሩ ነው። አንድ ነገር ግን ስታበላሹ አያለሁ፣ እኔም በናንተ ዕድሜ ያንኑ ነው ያበላሸሁት፣ ስለዚህ ልንገራችሁ።

ያኔ የእንጨት ሥራውን ከጀመርኩ ገና ብዙም አልቆየሁም ነበር። አንዲት እናት ከኩታበር አንድ የወይራ ምሰሶ በአህያ ጭነው መጡ። የጋጣቸው ምሰሶ ነው። ባለቤታቸው በሬውን የሚያስሩት እሱ ላይ ነበር፣ ገመዱ ዓመት ከዓመት እየፈተገው ጣት የሚያስገባ ቦይ አውጥቶበታል፣ ከቦዩ በላይ ደግሞ በሬው አንገቱን የሚያሽበት ቦታ በቅባት ብዛት እንደ ቀንድ ያበራል። በ77ቱ ድርቅ ጊዜ የጣራውን እንጨት ሳይቀር ነቅለው ሲሸጡ ይህን ምሰሶ ግን አልሸጥም ማለታቸውን ነገሩኝ። ያኔ ወሎ ውስጥ በሬውንና ዕቃውን ሸጦ ሲጨርስ የቤቱን እንጨት ገበያ ያወጣ ሰው ስንት ነበር። "በርጩማ አርግልኝ፣ እሱ ላይ ተቀምጬ ቡናዬን ላፍላ" አሉኝ።

እኔ ሙያዬን ላሳይ ብዬ ላግኩት። በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩት፣ ሁለት ጊዜ ቫርኒሽ ቀባሁት፣ መስታወት አስመሰልኩት። መጥተው ሲያዩት አገላበጡት፣ በእጃቸው ዳሰሱት፣ የሆነ ነገር የሚፈልጉ ይመስሉ ነበር። "ልጄ፣ ሸጋ ነው። የኛው እንጨትስ የታል?" አሉኝ። ይኸው ነው ብዬ ማልኩላቸው። አመኑኝ፣ ከፈሉኝ፣ ሄዱ። የፈለጉት ቦይ ግን እግሬ ሥር ካለው ፍቅፋቂና ሰጋቱራ ጋር ተጠርጎ ወጥቷል።

እና ልጆቼ፣ መላጊያ ከማንሳታችሁ በፊት ባለቤቱን ጠይቁ። "ምን ይሠራ?" አትበሉት፣ እሱ ኋላ ይደርሳል። "እጅህ የሚያውቀው የቱን ነው?" በሉት። ዓይኑን ጨፍኖ እንጨቱን ይዳስስ። እጁ የሚቆምበት ቦታ አለ። በሩ ከሆነ መወርወሪያው የሚገባበት ቀዳዳ ይሆናል፣ ቀምበር ከሆነ የበሬው ጫንቃ ያለሰለሰው ጎን፣ ምሰሶ ከሆነ ልጆች ሲያድጉ ቁመታቸው በቢላ ምልክት የተደረገበት። ያን ቦታ በጠመኔ ክበቡትና አትንኩት። ዕቃውን ከዚያ ተነስታችሁ አስቡት፣ ቦታው በርጩማ ካልፈቀደ ፍሬም ይሁን፣ ፍሬምም ካልፈቀደ እንዲሁ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ቁራጭ ይሁን።

ጥቀርሻውንም ቶሎ አትፈግፍጉ። በደረቅ ብሩሽ አራግፉት፣ ከዚያ በደንብ በተጨመቀ እርጥብ ጨርቅ አበስ አድርጉት፣ በቃ። ውኃ ውስጥ የሚዘፈዝፉ አይቻለሁ፣ ሃምሳ ዓመት የደረቀ እንጨት አብጦ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ሚስማር ያለበት አካባቢ ጠቁሮ ካያችሁም ተዉት፣ የእንጨቱና የዝገቱ ሥራ ነው፣ ቆሻሻ አይደለም።

ሚስማር ካነሳሁ፣ መጋዝ ከማስገባታችሁ በፊት ከተበላሸ ራዲዮ ስፒከር ማግኔት አውጡና በክር አንጠልጥላችሁ በእንጨቱ ላይ አሳልፉት። ጭንቅላቱ ተቆርጦ ውስጥ የቀረ ሚስማር ለዓይን አይታይም፣ የመጋዝ ጥርስ ግን ያገኘዋል።

ነቀዝ ሌላው ነው። ቀዳዳው አሮጌ ይሁን አዲስ ለማወቅ እንጨቱን ነጭ ወረቀት ላይ አስቀምጡትና ሁለት ሳምንት ጠብቁ። አዲስ ዱቄት ከወረቀቱ ላይ ከተገኘ ትሉ በሕይወት አለ፣ ያን ለሰው ብትሰጡ የሰውየውን ቁም ሣጥን ጭምር ሰጣችሁት ማለት ነው። ወደ ውጭ አገር ዕቃ የሚጫንበት የእንጨት ፓሌት እስከ ልቡ 56 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ደርሶ ለ30 ደቂቃ እንዲቆይ ይደረጋል፣ ትሉን የሚገድለው እሱ ነው። ዳቦ ቤት ያለው ወዳጅ ካላችሁ ምድጃው በረድ ሲል ቴርሞሜትር ይዛችሁ ሂዱ። ወፍራም ቁራጭ ሙቀቱ ልቡ እስኪደርስ ብዙ ሰዓት ይፈልጋል፣ አትቸኩሉ።

የማትነኩትም አለ። ምስጥ እንዳይበላው የተቃጠለ የሞተር ዘይት የጠጣ የባሕር ዛፍ ቋሚ ለረከቦትም ለምግብ ዕቃም አይሆንም፣ ኮላም አይይዝም። የድሮ ዘይት ቀለም ያለበትን በርም በብርጭቆ ወረቀት አትፈግፍጉት፣ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ሊኖርበት ስለሚችል አቧራው ለናንተም ቤት ላሉ ሕፃናትም አደጋ ነው።

ወሎ ውስጥ እህት ወይ ልጅ አረብ አገር ያልሄደችበት ቤት ጥቂት ነው። ብዙው ሥራችሁ ሻንጣ ውስጥ ገብቶ ጅዳ ወይ ዱባይ ነው የሚሄደው። ደሴ ብርድና ጉም ውስጥ የሠራችሁት ሣጥን ቀን ከሌት ኤሲ የሚነፋበት ክፍል ሲገባ እርጥበቱን ይተፋል፣ ይጠባል። ሰፊ ጣውላ ዙሪያውን በኮላ አጣብቃችሁ ከሆነ መሃሉ ይሰነጠቃል። ስለዚህ የጣውላውን ጠርዝ ዙሪያውን በያዘው እንጨት ላይ በምታወጡት ቦይ ውስጥ አስገቡት፣ ኮላ አትቀቡት፣ ትንሽ መላወሻ ይኑረው። ልጅቷ እናቷ ቤት የነበረውን እንጨት በባዕድ አገር ተሰንጥቆ ስታይ ምን እንደሚሰማት አስቡት።

ለማጠናቀቂያ እኔ ቫርኒሽ ከተውኩ ቆይቻለሁ። የተልባ ዘይት በስሱ ቀብቶ፣ ትርፉን ጠርጎ፣ ደርቆ ሲያበቃ ሰም ማሸት ይበቃል። ለመድረቅ ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ይወስዳል። የጠረጋችሁበትን ጨርቅ ግን ጨብጣችሁ ጥግ አትጣሉ። የተልባ ዘይት ሲደርቅ ሙቀት ያወጣል፣ የተጨበጠ ጨርቅ ያለ ክብሪት በራሱ ይቀጣጠላል። አንድ ቀን ጠዋት ሱቄን ስከፍት ጨርቁ ከሰል ሆኖ አገኘሁት፣ ሰጋቱራው ጋ ሳይደርስ የጠፋው በአላህ ጥበቃ ነው። ውጭ ዘርግታችሁ አድርቁት፣ ወይ ውኃ ውስጥ ንከሩት።

አንዳንዱ አዲስ ዋንዛ ቆርጦ፣ ጥቀርሻ ቀብቶ፣ "የመቶ ዓመት እንጨት" ብሎ እንደሚሸጥም ሰምቻለሁ። ይህ ያናድደኛል። ዋንዛ፣ ኮሶ፣ ዝግባና የሐበሻ ጥድ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ በ1986 በወጣው የደን አዋጅ ተከልክለው የነበሩት እያለቁ ስለሆነ ነው። ደግሞም ውሸት አያስፈልጋችሁም። እንጨት ደረቅ ቦታ ካገኘ ከሰው በላይ ይኖራል። ላስታ ሄዳችሁ የይምርሐነ ክርስቶስን ቤተ ክርስቲያን እዩት፣ ዋሻ ውስጥ እንጨትና ድንጋይ እየተፈራረቀ ነው የተገነባው፣ ከዛጉዌ ዘመን ጀምሮ ቆሟል። የናንተ የ30 ዓመት ጋጣ ከሆነ 30 ዓመት በሉ። ከዕቃው ሥር በጋለ ብረት የቀበሌውን ስም፣ የቤቱ የትኛው ክፍል እንደነበረና የፈረሰበትን ዓመት ጻፉበት። ሰውየው ሲሞት ልጁ አገላብጦ ያነበዋል።

የኩታበሯ እናት ምሰሶ ለበርጩማ ስለረዘመብኝ ከጫፉ አንድ ስንዝር ቆርጬ ነበር። ከወራት በኋላ ከማገዶው መሃል አገኘሁት። የቦዩ ጫፍ እዚያ ላይ ቀርቷል። ልወስድላቸው ኩታበር ብወርድ ልጆቻቸው አዲስ አበባ ወስደዋቸዋል አሉኝ፣ አድራሻ የሚያውቅም አላገኘሁም። አሁን ሱቄ ውስጥ ከበሩ ጀርባ ተሰቅሏል። እኔ ጋ ሥራ ሊማር የሚመጣ ልጅ መጀመሪያ ቀን ጣቱን እዚያ ቦይ ውስጥ ያስገባል። ስትመጡ እናንተም አስገቡ።