ቤንዚን በጎማ ሲስብ ትን ላለው ወንድምሽ

እህቴ፣ ወንድምሽ ትናንት ማታ ለባጃጁ ቤንዚን በጎማ ሲስብ ትን ብሎት፣ ሳል ሳል አድርጎት ተወው፣ ዛሬ ግን ያተኩሰዋል፣ ሲተነፍስም ጎኑን ይወጋዋል ነው ያልሽው። እናታችሁ ደግሞ ወተት አጠጥተው ሊያስመልሱት ነው። በመጀመሪያ፣ እንዳታስመልሱት። ወተቱም ይቅር። አሁኑኑ ራጅ ያለበት ሆስፒታል ውሰጂው፣ የቀረውን ለመውጣት ስትዘጋጁና መንገድ ላይ ታነቢዋለሽ።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። የአይሱዙ ሹፌር ነኝ፣ በ2014 ዓ.ም. ይሄው ነገር ደርሶብኝ 9 ቀን ሆስፒታል ተኝቻለሁ።

ከመቂ ሽንኩርት ጭነን ወደ አዲስ አበባ ስንመጣ ዓለም ጤናን አለፍ እንዳልን ናፍጣ አለቀ። ጊዜው ማደያው ሁሉ ሰልፍ የሆነበት ነው። ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ አንድ የሙያ ጓደኛ ቆመልንና ከእኔ ቅዳ አለኝ። የያዝኩት ጎማ አረንጓዴ የውሃ ጎማ ነው፣ ውስጡ አይታይም፣ ናፍጣው የት እንደደረሰ በምን ታውቂያለሽ? አንዴ ሳብኩ፣ አየር። ሁለተኛም አየር። ሦስተኛውን ተናድጄ በሙሉ ትንፋሼ ስስበው አፌን ሞልቶ መጣ። ክፋቱ እዚህ ላይ ነው። ሰው ውሃ ሲጠጣ ትንፋሹን ያዝ አድርጎ ነው የሚውጠው፣ ጎማ ሲስብ ግን አየር እያስገባ ስለሆነ የሳንባው በር ወለል ብሎ ተከፍቷል።

እንደ ሚጥሚጣ አቃጠለኝ። እንባዬ እስኪወርድ ሳልኩ። ረዳቴ ጀርባዬን እየደበደበ ይስቃል፣ እኔም መጨረሻ ላይ ሳቅኩ። በቀዝቃዛ ውሃ ተጉመጥምጬ፣ ፊቴን ታጥቤ፣ መስኮት ከፍቼ ነዳሁ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሳሉ ቀለል አለ። ጉዳዩ አለቀ ብዬ ረሳሁት። ሲያገሳኝ ብቻ ናፍጣ ናፍጣ ይለኛል።

ሊነጋጋ ሲል አንቀጠቀጠኝ። ብርድ መታኝ አልኩ፣ ሌሊት መስኮት ከፍቶ የነዳ ሰው ሌላ ምን ይላል? ፌጦ በሎሚ ጠጣሁ፣ ዳማከሴ ሸተትኩ፣ ተከናንቤ ተኛሁ። በሦስተኛው ቀን የቤታችንን አራት ደረጃ መውጣት አቃተኝ። ቀኝ ጎኔን በጩቤ የሚወጉኝ ያህል ነው፣ አክታዬም ላይ ደም ጣል ጣል ይል ጀመር። አንድ ክሊኒክ ሄድኩና የሳንባ ምች ነው ብለው መርፌ ጀመሩልኝ። ሌላው ጋ ደም ያለው አክታ ሲያዩ ቲቢ ጠርጥረው መረመሩኝ፣ የለም ተባለ። ማንም ስለ ናፍጣ አልጠየቀኝም፣ እኔም አልነገርኳቸውም። ናፍጣውማ ሆዴ ገብቷል፣ ከብርድ ጋር ምን አገናኘው?

በመጨረሻ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል አንድ ወጣት ሐኪም ጣቴ ላይ የደም ኦክስጅን መለኪያዋን ሊሰካ እጄን ሲይዝ ጥፍሬን አየው። ግራሶው ከስር ጥቁር ብሏል። «ሥራህ ምንድነው?» አለኝ። ሹፌር ነኝ አልኩት። ቀና ብሎ አየኝና «ናፍጣ በአፍህ ትስባለህ?» ሲለኝ ክው አልኩ። መለኪያዋ 86 ነበር የምትለው፣ ጤነኛ ሰው ላይ ከ95 በላይ ናት አሉ። ወዲያው ኦክስጅን ተደረገልኝ።

በኋላ ሲያስረዳኝ እንዲህ ነው ያለኝ። ቤንዚንም ናፍጣም ላምባም ቀጭን ነገር ነው። የጋለ ምጣድ ላይ ጠብ እንዳለ ዘይት ይበተናል፣ ትንሿ ነገር ብዙ ቦታ ታዳርሳለች። ከሻይ ማንኪያ በታች የሆነው እንኳን ሳንባ ለመጉዳት ይበቃል። ሳንባችን ውስጥ ያሉት ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች እንዳይጨማደዱ የሚጠብቃቸው ስስ ሽፋን አለ፣ ነዳጁ እሱን ያጥበዋል። ከዚያ ከረጢቶቹ ይጣበቃሉ፣ ያብጣሉ፣ ፈሳሽ ይሞላቸዋል። የእኔ ቀኝ ጎን የሆነውም ወደ ቀኝ ሳንባ የሚወስደው ቧንቧ ሰፋ ያለና ቀጥ ያለ ስለሆነ ነው። በውጭ አገር ነዳጅ በአፋቸው ይዘው እሳት የሚተፉ የሰርከስ ሰዎችን ስለሚይዛቸው በሕክምና መጽሐፍ ላይ በእነሱ ሥራ የሚጠራ በሽታ ነው ሲለኝ፣ በዚያ ሁሉ ሕመም ሳቄ መጣ።

አታስመልሱት ያልኩሽ ለዚህ ነው። ሆድ የገባው ነዳጅ ብዙውን ጊዜ ያን ያህል አይጎዳም። ሲያስመልሰው ግን እንደገና በጉሮሮ በኩል ያልፋል፣ ሳንባ ለመግባት ሁለተኛ ዕድል ሰጣችሁት ማለት ነው። ወተቱም ሆድ ይሞላና ያቅለሸልሻል እንጂ ቤንዚን አያረክስም። እናትሽን በቀስታ አስረጃቸው፣ የእኔም እናት ወተት ይዘው ነው የመጡት።

ራጁ መጀመሪያ ላይ ንጹህ ሊመስል ይችላል፣ ለውጡ ከሰዓታት በኋላ ነው ጎልቶ የሚታየው። የወንድምሽ ግን አንድ ሌሊት ስላለፈው የሚታይ ነገር ካለ ይታያል። ትን ካለው በኋላ ለ6 ወይም ለ8 ሰዓት ያህል ምንም ያልተሰማውን ሰው አይተው ሊሸኙት ይችላሉ። እሱ ግን አተኩሶታል፣ ጎኑም ወግቶታል፣ ስለዚህ እስከ ነገ እንየው የሚባልበት ጊዜ አልፏል። ትኩሳቱ ነዳጁ ሳንባውን ስላቃጠለው ብቻም ሊመጣ ስለሚችል አንቲባዮቲክ ወዲያው ካልሰጡት አትጣያቸው፣ ኢንፌክሽን ሲጠረጥሩ ነው የሚጀምሩት። ለእኔ ጀምረውልኛል፣ ዘግይቼ ስለሄድኩ። ከፋርማሲ ገዝተሽ ራስሽ እንዳትጀምሪለት ብቻ።

ስትገቢ ገና ካርድ ሳይወጣ «ቤንዚን ሲስብ ትን ብሎታል» በያቸው። በስንት ሰዓት እንደሆነ፣ ወዲያው ሳለ ወይ፣ አስመለሰው ወይ፣ ይጠይቁሻል። ቤንዚኑን ከየት አመጣው የሚል ፍርሃት ካለባችሁ ተዉት፣ ሐኪሙ የሚፈልገው ሳንባውን ነው። ትናንት የለበሰው ልብስ ላይ ቤንዚን ፈሶ ከሆነ አውልቆ ገላውን በሳሙና ይታጠብ፣ አጠገቡም ሲጋራ አይለኮስ። ከንፈሩ ከጠቆረ፣ ቶሎ ቶሎ ከተነፈሰ ወይም እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው ግን መታጠቡም ይቅር፣ ልብሱን ብቻ ቀይራችሁ ሩጡ። ባጃጁን ደግሞ ራሱ እንዳይነዳ! ልጅ ስለሆነ ደህና ነኝ ይላል፣ እኔም ብዬ ነበር።

እኔ ከወጣሁ በኋላ ሁለት ሳምንት አልነዳሁም። ደህና ሆኜም ራጁ ላይ ጥላው ነበር፣ ሙሉ በሙሉ የጠራው ከወር ተኩል በኋላ ነው። አሁን በእጅ የሚጨመቅ ኳስ ያለው ቱቦ ገዝቼ መኪናዬ ውስጥ አስቀምጫለሁ፣ ረዳቴም አሁን አይስቅም። ቤታችሁ ትንንሽ ልጆች ካሉ ደግሞ የተረፈውን ቤንዚን በሃይላንድ አድርጋችሁ እንዳታስቀምጡ፣ ውሃ መስሏቸው ይጠጡታል። እኔ የተኛሁበት ሆስፒታል ላምባ የጠጣ የሁለት ዓመት ልጅ መጥቶ ነበር፣ ሳሉ ከእኔ ሳል ጋር አንድ ነው።

በይ ሂጂ አሁን። ራጁን ሲያነሳ ምን እንዳሉሽ ጻፊልኝ፣ እጠብቃለሁ።