የ«ማሽን ሄድ»ን ሸክላ ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ?

ወንድሜ፣ «ያገለገለ የዲፕ ፐርፕል ‹ማሽን ሄድ› ሸክላ አገኘሁ፤ ዘፈኖቹን በስልኬ እየሰማኋቸው ለምን በገንዘብ እገዛዋለሁ? ከገዛሁስ ምኑን አይቼ ልግዛ?» ብለሃል። ሸክላ መሰብሰብ ከጀመርኩ ወዲህ ብዙ የሃርድ ሮክ አልበም በእጄ ገብቶ ወጥቷል፤ ይህን ግን ለማንም አልሰጥም። ግዛው።

በስልክ የሚሰማ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከአልበሙ «ስሞክ ኦን ዘ ዋተር» የተባለውን ዘፈን ለይቶ ሰምቶ ያልፋል። የእንግሊዙ የሮክ ቡድን ዲፕ ፐርፕል ግን እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1971 ወደ ስዊዘርላንዷ ሞንትሩ የሄደው የመድረክ ላይ ድምፁን ፍለጋ ነበር። በመኪና ላይ የተሠራውን የሮሊንግ ስቶንስ ቡድን ተንቀሳቃሽ ስቱዲዮ ይዞ በከተማዋ ካዚኖ ሊቀርጽ አስቦ ሳለ፣ ዲሴምበር 4 ቀን አሜሪካዊው ሙዚቀኛ ፍራንክ ዛፓ እዚያው ሲጫወት ከታዳሚው አንዱ የብርሃን ምልክት መተኮሻ ሽጉጥ ወደ ጣሪያው ተኩሶ አዳራሹ ነደደ። «ስሞክ ኦን ዘ ዋተር» የሚተርከው ያንን ጭስ ነው። ቀጥሎ በገቡበት ቲያትር ጎረቤት በጩኸቱ ተማርሮ ፖሊስ መጣባቸው። በመጨረሻ በቅዝቃዜው ወራት ተዘግቶ በነበረው ግራንድ ሆቴል መተላለፊያ ፍራሽ ደርድረው ቀረጹ። የቀረጹትን ለመስማት ስቱዲዮው ያለበት መኪና ድረስ በክፍሎችና በሰገነቶች መዞር ስለነበረባቸው፣ መመላለሱ ሰልችቷቸው በጆሯቸው ተማምነው ይጫወቱ ነበር። ያ እልህ ዛሬም ከሸክላው ይሰማል፤ የኢያን ፔይስ ድራም አጠገብህ የተቀመጠ ያህል ደረቅና ቅርብ ነው።

ሁለተኛውን ገጽ ስታዞር «ስሞክ ኦን ዘ ዋተር»ን ሪቺ ብላክሞር በጊታሩ ብቻውን ይጀምራል። ሃይ ሃቱ (የድራሙ ጥንድ ጸናጽል) እና የጆን ሎርድ ኦርጋን ይከተላሉ፤ ከዚያ ድራሙ በሙሉ፣ ከዚያ የሮጀር ግሎቨር ቤዝ፣ በመጨረሻ የኢያን ጊላን ድምፅ። ሎርድ ሃመንድ ኦርጋኑን በጊታር ማጉያ አሳልፎ ስለሚጫወት ጊታሩ የት አብቅቶ ኦርጋኑ የት እንደሚጀምር መለየት ያስቸግራል። ቀጥሎ ሰባት ደቂቃ የሚያልፈው «ሌዚ» ይመጣል። በስልክ ሰው ይዘለዋል፤ ለእኔ ግን ከአልበሙ ሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው። ሁለቱም ገጾች አንድ ላይ 40 ደቂቃ አይሞሉም፤ ስለዚህ ቁጭ ብለህ ስማው። በነገራችን ላይ ቡድኑ በ1972 በነጠላ ሸክላ መጀመሪያ ያወጣው «ኔቨር ቢፎር»ን ነበር፤ «ስሞክ ኦን ዘ ዋተር» ተራው የደረሰው በ1973 ነው።

ወደ ግዢው ስንመጣ፣ ሸክላውን ከማኅደሩ አውጥተህ ከብርሃን ሥር አግድም ያዘው። ብርሃን ላይ ብቻ የሚታይ ስስ ጭረት ብዙም አይረብሽም፤ ጥፍርህን የሚይዝ ጭረት ግን መርፌውንም ይይዘዋል። ሻጩ ማጫወቻ ካለው የመጀመሪያውን ገጽ መግቢያ አሰማኝ በለው። «ሃይዌይ ስታር» ከዝምታ ቀስ እያለ ስለሚነሳ ትንሿ ጠቅታ እንኳ አትደበቅም። ከዚያ መርፌውን ወደ መሃል አስጠግቶ «ስፔስ ትራኪን»ን ያጫውት። የሸክላ ድምፅ በመጨረሻው ዘፈን ላይ በተፈጥሮው ይደክማል፤ በአሮጌ መርፌ ሲታረስ የኖረ ከሆነ ጊላን ሲጮህ ድምፁ ተሰነጣጥቆ ታገኘዋለህ። ይህን ከሰማህ በርካሽም ቢሆን ተወው።

የመጀመሪያው የእንግሊዝ እትም መሃሉ ላይ ሐምራዊ ወረቀት የተለጠፈበት የፐርፕል ሬከርድስ ሸክላ ነው፤ ዋጋውም ከፍ ይላል። የአሜሪካውን ዋርነር ብራዘርስ ያወጣው ሲሆን ለጀማሪ ጥሩ ምርጫ ነው። በ1997 ራሱ ግሎቨር፣ በ2024 ደግሞ የፍራንክ ዛፓ ልጅ ድዊዝል እንደገና ያቀናበሯቸው ቅጂዎች አሉ። ሁለቱም ሊሰሙ የሚገባቸው ናቸው፤ መጀመሪያ ግን የድምፅ ባለሙያው ማርቲን በርች በ1971 የቀረጸውን እንደ ወጣ ስማ። ሽፋኑ ቢቀደድ ወይም የቀድሞ ባለቤቱ ስሙን ቢጽፍበት አያሳስብህ፤ እንዲያውም ዋጋ ለማስቀነስ ይረዳሃል።