ዳገት እምቢ ያለች መኪና፦ ስለ ካታሊቲክ ኮንቨርተር ጥያቄና መልስ

ስለ ካታሊቲክ ኮንቨርተር የጠየቃችሁኝን ሰብስቤ እነሆ። ከመኪናው ሥር፣ በጭስ ማውጫው ቧንቧ ላይ ተገጥሞ መርዛማውን ጭስ የሚያጣራው ዕቃ ነው። ብዙ ሰው ሳይፈተሽ ያስቀይረዋል፣ ብዙ ሰው ደግሞ ሳያስብ ያስወጣዋል። ሁለቱም ያሳስበኛል።

ጥያቄ፦ ኮሮላ አለኝ። ሜዳ ላይ ደህና ናት። ከዓባይ በረሃ ወደ ጎሃ ጽዮን ስወጣ ግን ጉልበቷ ድንገት ጠፋ። የነዳጅ ፓምፕ ተቀየረ፣ ለውጥ የለም። ኮንቨርተሩ ይሆን?

ወንድሜ፣ እጠረጥረዋለሁ። ውስጡ እንደ ማር እንጀራ ቀዳዳ ቀዳዳ የሆነ ሴራሚክ አለ። ሴራሚኩ ከቀለጠ ወይም ከተሰባበረ ጭሱ መውጫ ያጣል። ጭሱን ያላስወጣ ሞተር ደግሞ አዲስ አየር እንደ ልቡ አይስብም። በሚኒሞ (ነዳጅ ሳትረገጥ) ስትሠራ ጭሱ ትንሽ ስለሆነ ችግሩ አይታወቅም። ዳገት ላይ ነዳጅ ስትሰጣት ነው የሚጋለጠው። ከፍታም ጉልበት ይቀንሳል፤ ግን ቀስ በቀስ እንጂ በአንዴ አይደለም።

በግምት አታስቀይር። ከኮንቨርተሩ በፊት ያለውን የኦክስጅን ሰንሰር (ጭሱ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን የሚለካውን) አስፈትተህ በቦታው የግፊት መለኪያ ይገጠም። ሞተሩ በደቂቃ በ2,500 ዙር ሲያዝ ግፊቱ ከ3 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ አሃድ) ከበለጠ መንገዱ ተዘግቷል ማለት ነው።

ጥያቄ፦ የቼክ ኢንጂን መብራት በርቶ ስካን ሳስደርግ ፒ0420 የሚል ኮድ ወጣ። መካኒኩ ኮንቨርተር ቀይሪ አለኝ። መኪናዋ ግን ምንም አልሆነችም።

እህቴ፣ ለጊዜው ገንዘብሽን ያዢ። ኮዱ የሚለው ኮንቨርተሩ ጭሱን በሚገባ እያጣራ አይደለም ነው። ይህ ከመዘጋት የተለየ ነው። ሴራሚኩ ላይ የተቀቡት ጭስ አጣሪ ማዕድናት፣ ፕላቲኒየሙና ፓላዲየሙ፣ የደከሙበት ኮንቨርተር ጭሱን በነፃነት ያሳልፋል፣ ስለዚህ መኪናዋ እንደ ወትሮው ትሄዳለች።

ከኮንቨርተሩ በኋላ ያለው የኦክስጅን ሰንሰር በስካነር ይታይ። ሞተሩ ሞቆ፣ ዙሩ ሳይለዋወጥ ንባቡ ከ0.6 እስከ 0.7 ቮልት አካባቢ ረግቶ ከቆየ ኮንቨርተሩ እየሠራ ነው። ቶሎ ቶሎ ከ0.1 ወደ 0.9 የሚዘል ከሆነ ደክሟል። ከዚያ በፊት ግን የጭስ ማውጫው መጋጠሚያ አየር እንደማያስገባ ይረጋገጥ። ትንሽ ቀዳዳ ያንኑ ኮድ ልታመጣ ትችላለች።

ጥያቄ፦ የተበላሸ እንቁላል ይሸታል።

አልፎ አልፎ ብቻ ከሆነ ቤንዚን ውስጥ ያለው ሰልፈር ነው። ካልለቀቀ ሞተሩ ከመጠን በላይ ነዳጅ እየወሰደ ይሆናል። ባትሪውንም እዩት። ከልክ በላይ ቻርጅ የሚደረግ ባትሪ ተመሳሳይ ሽታ አለው።

ጥያቄ፦ ሳስነሳት ከሥር ይንኳኳል።

ሴራሚኩ ተሰብሮ ይሆናል። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ኮንቨርተሩን በጎማ መዶሻ መታ መታ አድርግ። ውስጡ ከተንኳኳ አብቅቶለታል። ሲሞቅ እንዳትነካው፣ በብዙ መቶ ዲግሪ ይግላል።

ጥያቄ፦ ቨርጂኒያ ነኝ፣ ኡበር እሠራለሁ። ትናንት ፕሪየሴ ደህና ነበረች። ዛሬ ስትነሳ ሰፈሩን አናወጠችው።

ወንድሜ፣ ከሥር ተመልከት። ቧንቧው ተቆርጦ ከሆነ ተሰርቀሃል። ከ2004 እስከ 2009 የተሠሩት ፕሪየሶች ውድ ማዕድን ስላላቸው ሌቦች ይፈልጓቸዋል። ለፖሊስና ለኢንሹራንስ አመልክት። አዲሱ ሲገጠም መከላከያ ብረት አስደርግበት።

ጥያቄ፦ ውስጡን አስወጥቼ ባዶውን ባስገጥመውስ? ሁሉም እንዲህ ያደርጋል።

አልመክርም። ኮንቨርተሩ ካርቦን ሞኖክሳይድን ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቀይራል። እሱን ስታወጣ መርዙ እንዳለ ይወጣል፤ ታክሲ ወረፋ ላይ የቆመው ሕዝብ ይተነፍሰዋል፣ ቧንቧህ ካፈሰሰ ደግሞ ቤተሰብህ። የቼክ ኢንጂን መብራቱም አይጠፋም።

ጥያቄ፦ አዲስ አስገጥሜ ብዙም ሳይቆይ ተበላሸ። ዕቃው ነው?

ሊሆን ይችላል፤ እኔ ግን መጀመሪያ ሞተሩን እፈትሻለሁ። ኮንቨርተር ብዙ ጊዜ በራሱ አይሞትም። ቤንዚኑን የሚለኩሰው ካንዴላ ወይም ለካንዴላው ኤሌክትሪክ የሚሰጠው ኮይል እሳት ካልሰጠ ያልተቃጠለ ቤንዚን ኮንቨርተሩ ውስጥ ገብቶ ይነዳል፣ ሴራሚኩን ያቀልጣል። የቼክ ኢንጂን መብራቱ ብልጭ ድርግም የሚለው ለዚህ ነው። ያን ጊዜ ነዳጅ አትጫናት፣ ቀስ ብለህ ዳር ያዝ። ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) አልቆ ዘይት የሚበላ ሞተርም እንዲሁ ይገድለዋል፤ ዘይት ውስጥ ያለው ፎስፈረስ ማዕድኑን ይሸፍነዋል። ከተበላሸ ጓርኒሲዮን (የሞተሩ ራስ ማሸጊያ) የሚያፈስ የራዲያተር ውሃም ከተጨመረበት ኬሚካል ጋር ያበላሸዋል።

ጧት ስታስነሳት ሰማያዊ ጭስ አለ? የዘይቱ ልክ ይወርዳል? ራዲያተሩ ውሃ ይጎድለዋል? ካንዴላዎቹን አስፈትተህ አንድ በአንድ እያቸው። ያን ሳታስጠግን ሦስተኛ ኮንቨርተር አትግዛ።