የፍልፈል ጉብታና የተናደው እርከን

ጥያቄ፦ «ተዳፋት ላይ ያለው ማሳዬ በአፈር ጉብታ ተሞልቷል። አምና ክረምት እርከኑ ከታች በኩል ተናደ። ውሃ ብናፈስበትም አልወጣ አለ። ምን መድኃኒት ልርጭ?»

መልስ፦ ምን እንዳልወጣ አልነገሩኝም፤ ግን ፍልፈል ነው ብዬ እገምታለሁ። አይጥ ቢሆን ክፍት ጉድጓድ ያዩ ነበር። ፍልፈል በሩን በአፈር ይደፍናል። አንዱን ጉብታ ጠርገው ዋሻውን ይክፈቱና በማግስቱ ይመልከቱ። ተደፍኖ ካገኙት ባለቤቱ ቤቱ አለ።

መድኃኒቱን ይተዉት። ፍልፈሉ መንገዱን ጠረገ እንጂ እርከኑን የናደው ውሃ ነው። ዋሻው ቁልቁል ሲሄድ ዝናብ ይገባበታል፤ ከሥር አፈሩን እየበላ ያሰፋዋል፤ አንድ ቀን ጣሪያው ይደረመስና ቦረቦር ይሆናል።

እርስዎ ደግሞ ውሃ እያፈሱ አገዙት! ይህን በየማሳው አየዋለሁ፤ እባካችሁ ተዉ። አፉ ላይ ድንጋይ መወተፍም አይረባም፤ ውሃው በጎን ያልፋል።

ዶማና አካፋ ይበቃዎታል። ዋናው ዝናብ ሳይገባ፣ አፈሩ ትንሽ ርጥበት ሲይዝ ይጀምሩ። ከእርከኑ በላይ በኩል መሬቱን በቀጭን ብረት ይውጉ፤ ድንገት ስልት ብሎ ከገባ ዋሻውን አገኙት። ወለሉ እስኪታይ ይቆፍሩ፤ ግራና ቀኙንም ስንዝር ያህል ያስፉ። ከዚያ የሚያጣብቅ ሸክላማ አፈር ስንዝር በስንዝር እየጨመሩ ይጠቅጥቁ። ተረከዝዎ መስመጥ ሲያቆም ቀጣዩን ይጨምሩ። መውረዱ ስለማይቀር ከመሬቱ ትንሽ ከፍ ያድርጉት፤ ላዩን ከነሥሩ በተነቀለ ሣር ይሸፍኑ። እርከኑን ሰንጥቆ ያለፈበትንም እንዲሁ ያድርጉ። ቁልቁል የሚወርደውን ዋሻ ደግሞ በየአሥር እርምጃው እየቆፈሩ እንዲሁ ይድፈኑት።

የጉብታውን አፈር ለመድፈኛ አይጠቀሙበት፤ ልቅ ነው፣ ይታጠባል። ማሳው ላይ ይበትኑት። ከሥር ተገልብጦ የወጣ አፈር ነው፤ ያለ በሬ የታረሰ በሉት። እንግሊዛዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ዳርዊን በ1881 እ.ኤ.አ. እንዳሰላው፣ በብዙ የእንግሊዝ መሬት የምድር ትል ብቻውን በዓመት በሄክታር ወደ 25 ቶን አፈር ወደ ላይ ያወጣል። እናም ሜዳ ላይ ቢሆን፣ የሰብልዎን ሥር እስካልበላ ድረስ፣ ፍልፈሉን ተዉት እል ነበር። ከበላ ወጥመድ ነው።

ከመጀመሪያው ከባድ ዝናብ በኋላ ከእርከኑ ሥር ይመላለሱ። የደፈረሰ ውሃ ከመሬት ሲፈልቅ ካዩ የሳቱት ዋሻ አለ፤ ከላይ በኩል እንደገና በብረቱ ይፈልጉት።