የአንድ ዓመት ኳስ የት ይጀምራል? ለወጣት የስፖርት ጋዜጠኞች

ይድረስ ወደ ስፖርት ጋዜጠኝነት ለምትገቡ ልጆቼ፣

ዕድሜዬን የገፋሁት በሬዲዮና በጋዜጣ ስለ እግር ኳስ ስናገርና ስጽፍ ነው። አሁን ማይክሮፎኑ በእናንተ እጅ ነው። ምክሬን በደፈናው ከምደረድረው በአንድ አገር የአንድ ዓመት ኳስ ላይ አስደግፌ ባሳያችሁ ይሻላል ብዬ አሰብኩ። አገሯ ዌልስ ናት፤ ዓመቱ 2024/25 ነው (ቀኖቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። አርሴናልን ወይም ማንቸስተር ዩናይትድን ያልመረጥኩት የእነሱን ዜና አድማጫችሁ ከእናንተ ቀድሞ በስልኩ ስለሚያገኘው ነው። የዌልስ ሕዝብ ከሦስት ሚሊዮን ጥቂት ቢያልፍ ነው። በዚያ ዓመት የሆነላትና የሆነባት ግን ለብዙ ትልልቅ አገሮች ይበቃ ነበር።

የምነግራችሁ አንድ ነገር ነው። የአንድ የውድድር ዓመት ውጤት በዚያው ዓመት አይሠራም። ማን እንዳሸነፈ መናገር ማንም ይችላል። ያ ድል መቼና በማን እንደተጀመረ ፈልጎ ማግኘት ግን የእናንተ ሙያ ነው።

ከሴቶቹ ልጀምር። ዲሴምበር 3 ቀን 2024 ዌልስ ደብሊን ላይ የአየርላንድ ሪፐብሊክን 2ለ1 አሸነፈች። ካርዲፍ ላይ 1ለ1 ተለያይተው ስለነበር ድምሩ 3ለ2 ሆነ፤ የዌልስ ሴቶች ብሔራዊ ቡድንም በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ለትልቅ ውድድር፣ ስዊዘርላንድ ላይ ለተካሄደው የ2025 የአውሮፓ ዋንጫ አለፈ። በደብሊኑ ጨዋታ ሐና ኬን በፍፁም ቅጣት ምት፣ ኬሪ ጆንስ ደግሞ በጨዋታ አስቆጠሩ። ዜናው ይኸው ነው፤ በሃያ ሰከንድ ተነብቦ ያልቃል።

አሁን ወደ ኋላ ሂዱ። የዌልስ እግር ኳስ ማህበር በ1922 ሴቶችን ከኳስ አገደ። እገዳው እስከ 1970 ቆየ። አርባ ስምንት ዓመት ማለት ነው፤ አያት ያልተጫወተችውን፣ እናት ሜዳ ላይ ያላየችውን ልጅ ከየት ትማረው? እገዳው ከተነሳ በኋላም ማህበሩ የሴቶቹን ቡድን የራሱ አላደረገውም። በ1992 ሦስት ተጫዋቾች፣ ላውራ ማካሊስተር፣ ሚሼል አዳምስና ካረን ጆንስ፣ የማህበሩ ዋና ጸሐፊ ከነበሩት ከአለን ኢቫንስ ፊት ቀርበው ማህበሩ ቡድኑን እንዲቀበል ጠየቁ። በ1993 ዌልስ በማህበሯ የሚመራ የሴቶች ብሔራዊ ቡድን ኖራት። ታሪኩ እዚያ ላይ አልተቃናም። በ2003 ማህበሩ ወጪው ከበደኝ ብሎ ቡድኑን ከ2005ቱ የአውሮፓ ዋንጫ ማጣሪያ አስወጣው። በ2022 ዙሪክ ላይ፣ ለዓለም ዋንጫ በሚደረገው የጥሎ ማለፍ ማጣሪያ፣ ጭማሪው ሠላሳ ደቂቃ ተገባዶ መለያ ምት ሲጠበቅ ስዊዘርላንድ የመጨረሻዋን ግብ አስቆጠረችባቸው።

እንግዲህ ልብ በሉ፦ ደብሊን ላይ ያስቆጠሩት ሁለቱም ተጫዋቾች ያ ጥያቄ በቀረበበት በ1992 ገና አልተወለዱም ነበር። ጥያቄውን ያቀረቡት ሦስቱ ደግሞ ለትልቅ ውድድር ሳይበቁ ጫማቸውን ሰቀሉ። ማካሊስተር በኋላ ፕሮፌሰር ሆኑ፤ በ2023ም የአውሮፓ እግር ኳስ ማህበራት ኅብረት ምክትል ፕሬዚዳንት ሆኑ። ይህን ሳያውቅ የደብሊኑን ጨዋታ የዘገበ ሰው ግቦቹን ዘግቧል፤ ድሉን ግን አልዘገበም።

በውድድሩ ላይ ምን ሆነ ትሉኛላችሁ። ዌልስ ከኔዘርላንድስ፣ ከፈረንሳይና ከእንግሊዝ ጋር ተመደበች። 3ለ0፣ 4ለ1፣ 6ለ1 ተሸነፈች። ሰንጠረዡን ብቻ ያየ ሰው «ተዋረዱ» ብሎ ርዕስ ሊያወጣ ይችላል። እለምናችኋለሁ፣ እንዲህ ያለውን ቃል በሰው ልጅ ድካም ላይ አትጻፉ። ደግሞም 13 ግብ መግባቱን ደብቃችሁ የሙገሳ ግጥም አትጻፉ፤ ተመልካቹ አይቶታል። ሁለቱንም አንድ ላይ መያዝ ይቻላል። ፈረንሳይን በገጠሙበት ቀን፣ ጁላይ 9፣ ጄስ ፊሽሎክ ግብ አስቆጠረች። ረዳት ዳኛው ከጨዋታ ውጪ ብለው ነበር፤ ቫር (በቪዲዮ የሚያይ የዳኞች ቡድን) ተመልክቶ አጸደቀው። ዌልስ በሴቶች ትልቅ ውድድር ያስቆጠረችው የመጀመሪያ ግብ ያ ነው። ፊሽሎክ ለብሔራዊ ቡድኑ መጫወት የጀመረችው በ2006 ነው፤ ግቡን ስታስቆጥር 38 ዓመቷ ነበር፤ በሴቶች የአውሮፓ ዋንጫ ታሪክ በዕድሜ ትልቋ ግብ አስቆጣሪም ሆነች። ሽንፈቱ ሽንፈት ነው። በዚያ ሽንፈት ውስጥ ግን የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ሥራ አለ፤ እናንተ ካልነገራችሁት ማንም አይነግርላትም።

ወደ ክለቦቹ ስንመጣ አንድ ቅዳሜ ብቻ ይበቃናል፤ ኤፕሪል 26 ቀን 2025። በእንግሊዝ ሊጎች የሚጫወተው የዌልሱ ሬክሰም በሜዳው ቻርልተንን 3ለ0 አሸንፎ ወደ ሁለተኛው እርከን፣ ወደ ቻምፒዮንሺፕ፣ አደገ። በእንግሊዝ አምስቱ ከፍተኛ የሊግ እርከኖች ሦስት ዓመት በተከታታይ ያደገ ክለብ ከእሱ በፊት አልነበረም። በዚያው ቀን ዋና ከተማው ላይ ካርዲፍ ሲቲ ከዌስትብሮም 0ለ0 ተለያየና ከቻምፒዮንሺፕ ወደ ሦስተኛው እርከን፣ ወደ ሊግ ዋን፣ ወረደ፤ ከ2003 ወዲህ እዚያ እርከን ላይ ተጫውቶ አያውቅም ነበር።

ስለ ሬክሰም ሁላችሁም የምታውቁት ሁለቱን ተዋንያን ነው። ራያን ሬይኖልድስና ሮብ ማኬልሄኒ ክለቡን በፌብሩዋሪ 2021 ተረከቡ፤ ገንዘብ አመጡ፤ ካሜራም አመጡ። ይህ እውነት ነው፤ አታንኳስሱት። ነገር ግን ተዋንያኑ የሚገዙት ክለብ ያገኙት ለምን ይመስላችኋል? ሬክሰም በ2008 ከፕሮፌሽናል ሊጎቹ ወርዶ አሥራ አምስት ዓመት ከዚያ በታች ቆይቷል። በ2011 ክረምት ሊጉ የጠየቀውን የዋስትና ገንዘብ ካላስያዘ መጫወት አይችልም ሲባል፣ ደጋፊዎቹ በአንድ ቀን ከ100 ሺህ ፓውንድ በላይ አዋጡ። በዚያው ዓመት ክለቡን ራሳቸው ተረክበው አሥር ዓመት ገደማ አስተዳደሩት። ለተዋንያኑ ያስረከቡትም እነሱ ናቸው፣ ድምፅ ሰጥተው። እኔ አለቃችሁ ብሆን ከደጋፊዎቹ አንዱን ሳታናግሩ ስለ ሬክሰም አንድ መስመር አላስነብባችሁም ነበር።

ከተማው ደግሞ ለኳስ እንግዳ አይደለም። የዌልስ እግር ኳስ ማህበር በ1876 የተመሠረተው እዚያው ሬክሰም ውስጥ ነው። ዌልስ በሜዳዋ የመጀመሪያውን ጨዋታ በ1877 ከስኮትላንድ ጋር ያደረገችው በሬስኮርስ ሜዳ ነው፤ ዛሬም ክለቡ የሚጫወትበት ሜዳ ይኸው ነው። እንዲህ ያለ ሜዳ ላይ ቆማችሁ «ከምንም ተነስቶ» ብላችሁ አትጻፉ።

ካርዲፍን በተመለከተ ደግሞ ሌላ ነገር ልለምናችሁ። ያ ክለብ በ1927 አርሴናልን 1ለ0 አሸንፎ የእንግሊዙን የጥሎ ማለፍ ዋንጫ፣ የኤፍኤ ካፕን፣ ያነሳ፣ እስካሁንም ዋንጫውን ከእንግሊዝ ውጪ የወሰደ ብቸኛ ክለብ ነው። በ2024/25 አሰልጣኙ ኤሮል ቡሉት በሴፕቴምበር ተሰናበቱ፤ ኦመር ሪዛ ተተኩ፤ ሦስት ጨዋታ ሲቀር እሳቸውም ተሰናበቱ። የመጨረሻዎቹን ሦስት ጨዋታዎች በጊዜያዊነት የመራው አሮን ራምሴ ነው፤ ለአርሴናል ሁለት የኤፍኤ ካፕ ፍጻሜ አሸናፊ ግቦችን ያስቆጠረው፣ በልጅነቱ ካርዲፍ ያሳደገው ራምሴ። ስሙ የታወቀ ስለሆነ «ራምሴ ካርዲፍን ይዞ ወረደ» የሚል ርዕስ እጃችሁን ይበላዋል። አትጻፉት። ጣሪያው ሲፈርስ ከሥሩ የተገኘውን ሰው አፍራሽ ማለት ነው። ክለቡ እዚያ የደረሰው በእሱ ሦስት ጨዋታ አይደለም። በሥራዬ ብዙ ጊዜ ያየሁት በደል ይህ ነው፤ መጨረሻ ላይ የቆመው ሰው ከእሱ በፊት የነበሩትን ሁሉ ዕዳ ይከፍላል፤ ደረሰኙን የምንቆርጥበት ደግሞ እኛ ነን።

ስዋንሲ 11ኛ ሆኖ ጨረሰ፤ እሱም በመሀል አሰልጣኝ ቀይሯል። ይህን ማወቅ ለአሁኑ ይበቃል።

አራቱ ክለቦች፣ ካርዲፍ፣ ስዋንሲ፣ ሬክሰምና ኒውፖርት፣ በእንግሊዝ ሊጎች ነው የሚጫወቱት። ዌልስ የራሷን ሊግ ያቋቋመችው በ1992 ነው፤ የገፋፉት ሰው ማን ይመስላችኋል? ሴቶቹ ፊታቸው የቀረቡት ያው አለን ኢቫንስ። የራሷ ሊግ ከሌላት በዓለም አቀፉ ኳስ ራሷን የቻለች አገር ሆና መቆጠሯ ሊያጠያይቅ ይችላል የሚል ስጋት ነበር። ሊጉ ለረጅም ጊዜ የተናቀ ነበር። በኦገስት 2024 ግን የሊጉ ክለብ ዘ ኒው ሴይንትስ የሊትዌንያውን ፓኔቬዚስን በደርሶ መልስ 3ለ0 ጥሎ ለኮንፈረንስ ሊግ ዋና ውድድር አለፈ። ከዌልስ ሊግ ለአውሮፓ ውድድር ዋና ምዕራፍ የደረሰ የመጀመሪያው ክለብ ሆነ። ፍሎረንስ ላይ በፊዮረንቲና 2ለ0 ተሸነፈ፤ በኦክቶበር 24 የካዛክስታኑን አስታናን 2ለ0 አሸነፈ። ከስድስት ጨዋታ ያሸነፈው ያንን አንዱን ብቻ ነው።

የአስታናው ጨዋታ የተደረገበት ቦታ ግን ለእኛ ጆሮ ቅርብ ነው። የክለቡ ሜዳ ፓርክ ሆል የአውሮፓን መስፈርት ስላላሟላ የሜዳውን ጨዋታዎች እንግሊዝ ውስጥ ሽሩስበሪ ላይ ተከራይቶ ተጫወተ። (ፓርክ ሆል ራሱም ከድንበሩ ወዲያ፣ በእንግሊዟ ኦስዌስትሪ ነው ያለው፤ ክለቡ የተወለደው ግን ላንሳንትፍሬድ በምትባል የዌልስ መንደር ነው።) እኛም ዋልያዎቹ የካፍን መስፈርት የሚያሟላ ስታዲየም አጥተው «የሜዳቸውን» ጨዋታ በሰው አገር ሲያደርጉ ዓመታት አየን። በተከራየ ሜዳ የተገኘን አንድ ድል በምን ዓይነት ዐይን ማየት እንዳለባችሁ ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም።

የወንዶቹ ብሔራዊ ቡድን ነገር ለዜና ይበልጥ የተመቸ ነው። በማርች 2024 ካርዲፍ ላይ በፖላንድ በመለያ ምት ተሸንፈው ከአውሮፓ ዋንጫ ቀሩ። በጁን ከጂብራልታር 0ለ0 ወጡ፤ በስሎቫኪያ 4ለ0 ተሸነፉ፤ አሰልጣኙ ሮብ ፔጅ ተሰናበቱ። ክሬግ ቤላሚ ተተካ፤ በተጫዋችነቱ ለዌልስ 78 ጊዜ ተሰልፎ ለአንድም ትልቅ ውድድር ያልደረሰው ቤላሚ። በኔሽንስ ሊግ ከቱርክ፣ ከአይስላንድና ከሞንቴኔግሮ ጋር ስድስት ጨዋታ አድርጎ አንዱንም አልተሸነፈም። በመጨረሻው ምሽት፣ ኖቬምበር 19፣ ዌልስ አይስላንድን 4ለ1 ስታሸንፍ ቱርክ በሞንቴኔግሮ 3ለ1 ተሸነፈች፤ ዌልስም ምድቡን መርታ ወደ ላይኛው ሊግ አደገች። እዚህ ላይ ሐቀኛ ሁኑ፦ ከሦስት ቀን በፊት ካይሴሪ ላይ ቱርክ በጨዋታው ማብቂያ ያገኘችውን ፍፁም ቅጣት ምት ብታስቆጥር ኖሮ ይህ ሁሉ ባልሆነ ነበር። ዕድልን ዕድል በሉት፤ የሠራን ሰው ክብር አይቀንስም። የቤላሚ የመጀመሪያ ሽንፈት በጁን 2025 ብራስልስ ላይ በቤልጂየም መጣ። ከ3ለ0 ተነስተው 3ለ3 ካደረሱ በኋላ ዴ ብሩይነ 88ኛው ደቂቃ ላይ አራተኛውን አገባባቸው። ያንን ጨዋታ ፈልጋችሁ ሙሉውን ተመልከቱት፤ የግቦቹን ቅንጭብ ብቻ አይታችሁ እንዳትጽፉ።

አሁን ሥራ ልስጣችሁ። ከአራቱ ክለቦች ማንም ያልጠየቀው ኒውፖርት ካውንቲ ነው። በ2024/25 በአራተኛው እርከን፣ በሊግ ቱ፣ ከ24 ክለቦች 22ኛ ወጣ፤ የሚወርዱት ሁለት ናቸው፤ ተረፈ። አብዛኛው ጋዜጣ ለዚህ ከሁለት መስመር በላይ አይሰጥም። ይህ ክለብ በ1989 በዕዳ ተዘግቶ ነበር። ደጋፊዎቹ በወራት ውስጥ እንደገና አቋቋሙት፤ ሜዳ ስላልነበረው እንግሊዝ ውስጥ ሞርተን ኢን ማርሽ በተባለች ትንሽ ከተማ መጫወት ጀመረ። ወደ ፕሮፌሽናል ሊጎቹ የተመለሰው በ2013 ዌምብሌይ ላይ ነው፣ 2ለ0 አሸንፎ። ያን ቀን የተሸነፈው ክለብ ሬክሰም ነበር። 2024/25 ሲያልቅ ግን ሬክሰም በሁለት እርከን በለጠው። ከዌምብሌይ እስከ ዛሬ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ምን እንደሆነ፣ ማን ምን ወሰነ፣ ገንዘቡስ ከየት መጣ፣ ከእናንተ አንዱ ወይም አንዷ በደንብ ጠይቃችሁ ጻፉልኝ። ስትጨርሱ ላኩልኝ፤ እስከ መጨረሻው መስመር አነበዋለሁ፤ ያልተጣራች ቀን ካገኘሁባችሁም አስምሬ እመልስላችኋለሁ።