መልስ፦ የድሮዎቹን ኮንትራዎች አሁን መግዛት ያዋጣል?

ሰላም ወንድሜ። «የልጅነታችን ኮንትራ ስብስብ ወጥቷል፣ ብር ያወጣል ወይ? ከየትኛው ልጀምር?» ብለሃል። እኔ ደሴ፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ ነው ያደግኩት። ኮንትራን፣ ያን እየሮጥክ የምትተኩስበትን ጌም፣ ከቲቪ ጋር በሚሰካው ማጫወቻ፣ ከታላቅ ወንድሜ ጋር፣ መብራት እስኪጠፋ ድረስ እንጫወት ነበር። እናም መልሴ አዎ ነው፣ ግዛው።

ስብስቡ በ2019 እ.ኤ.አ. በኮናሚ፣ ጌሙን በሠራው የጃፓን ኩባንያ፣ የወጣ ነው። 10 ጌም አለው። ግን የመጀመሪያው የ1987ቱ የአርኬድ (ሳንቲም እየከተትክ የምትጫወትበት ማሽን) ኮንትራ ላይ አትቸኩል። እሱ ሳንቲም እንዲበላ የተሠራ ነው። አንድ ጥይት ከነካህ አለቀልህ። እኛ የምናውቀው የቤቱ ነው፤ ላይ ላይ፣ ታች ታች፣ ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ፣ ቢ፣ ኤ ስትል 30 ነፍስ የሚሰጥህ። ጣትህ አሁንም አይረሳውም!

ከዚያ የዚህኑ የቤቱን ጌም የጃፓን ቅጂ ክፈት። ጌሙ ያው ነው፣ ግን በጫካው ዛፎቹ ይወዛወዛሉ፣ በበረዶው ቦታ በረዶ ይወርዳል። ሳየው በጣም ደስ አለኝ፤ ያን ሁሉ ዓመት እኛ ያላየነው ነገር ነበር።

ከስብስቡ ጌሞች ሃርድ ኮርፕስ የሚባለውን ለመጨረሻ አቆየው፣ ከባድ ነው። መሃል ላይ ሴቭ ማድረግ ስለሚቻል ግን ተስፋ አትቁረጥ። በቤቱ ኮንትራ «ኤስ» የሚለውን ተበታትኖ የሚተኩስ መሣሪያ ካገኘህ ደግሞ ሌላ አታንሳ። ከተቻለ ለሁለት ተጫወቱት። እኔ ባለፈው ወንድሜ ከኮምቦልቻ ሲመጣ ሌሊቱን ሙሉ ስንጫወት አደርን።